«ሲስተም የለም»

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም፣ በመሥሪያ ቤቶቻችን መስኮት ላይ ከሁሉ በላይ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር የቱ ነው ብትሉኝ «ነገ ተመለስ» እላችሁ ነበር። «ነገ ተመለስ» አሁን ጡረታ ወጥቷል። ወንበሩን የወረሰው «ሲስተም የለም» ነው። ልዩነታቸው ምን መሰላችሁ? «ነገ ተመለስ» ያለህ ሰው ፊት ነበረው። ትቆጣዋለህ፣ ትለምነዋለህ፣ የአገር ልጅ ከሆነ በእናቱ ስም ትይዘዋለህ፤ ሲብስም አለቃው ዘንድ ትገባለህ። «ሲስተም የለም» ሲሉህ ግን ማንን ትቆጣለህ? ሲስተም እናት የለው፣ አለቃ የለው። ባለጉዳዩ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣና፣ ድንገት ዝናብ እንደመጣበት ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል።

እኔ ደግሞ ሲስተም እየሠራሁ የምበላ ሰው ነኝ። ፕሮግራመር ነኝ። ስለዚህ ይህችን ዓረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር፣ ጠጅ ጣይ ሴት «የትናንትናው ጠጅ ሆዴን ነፋኝ» ሲባል ስትሰማ የሚሰማት ነገር ይሰማኛል። የእኔ ጠጅ ይሆን እንዴ?

ባለፈው ዓመት ሐይቅ ሄጄ ነበር፤ ከደሴ በወልድያ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም እንደተጓዛችሁ የምታገኟት ሐይቅ ከተማ። አክስቴ የምትኖረው ከዚያም አልፎ፣ ከውጫሌ ወዲያ፣ አምባሰል ውስጥ ነው። ፋይሏ የተከፈተው ግን ድሮ ሐይቅ ትኖር በነበረ ጊዜ ስለሆነ፣ ለአንዲት ወረቀት ብላ እስከዚያ መምጣት ነበረባት። ከሌሊት ተነሥታ፣ ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳ፣ ውጫሌ ላይ ሚኒባስ ይዛ መጣች። እኔም ከደሴ መጥቼ ተገናኘንና አብረን ገባን። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንደዚያ ያለ መስኮት በየከተማው ስላለ የእናንተን አስቡት።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ገጿ ፈታ ያለ ናት። ገና ሳልቀመጥ «ሲስተም አለ?» አልኳት፤ ልማድ ሆኖብኝ። «አብሽር፣ ዛሬስ አለ» አለችኝ። ደስ አለን። የአክስቴን ስም ጠየቀች፣ ጻፈች፣ ስክሪኑን አየች። እንደገና ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ሲስተሙስ አለ፤ አንቱ ነዎት የሌሉት።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ትላለች?»

«የሉም ነው የምትል» አልኳት።

«ኧረ እኔስ ይኸው አለሁ! ያን ሁሉ ቁልቁለት በሌሊት የወረደችው ማን ናት ታዲያ?»

ልጅቷ ሳቀችና መሳቢያዋን ስባ አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣች። በግራ በኩል የባለጉዳይ ስም ተጽፏል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ያ ስም ሲስተሙ ውስጥ በየትኛው ፊደል ተጽፎ እንደተገኘ። ገጽ በገጽ፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ። የአክስቴ አባት ስም በአገራችን በየሦስት ቤቱ የሚጠራ ስም ነው፤ ሰዒድ። ልጅቷ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደች «ሰኢድ… ሰይድ… ሠኢድ…» እያለች አንድ በአንድ ሞከረች። መሐል ላይ መብራት ሄዶ መጣ። መሐል ላይ የምሳ ሰዓት ሆነ። ከሰዓት በኋላ «ሠዒድ» የሚለው ላይ ስትደርስ አክስቴ ተገኘች። እልል ማለት ነበር የቀረን። ወረቀቱ ላይ የሚፈርሙት ሰውዬ ግን በዚህ መሐል ለስብሰባ ወጥተዋል። አክስቴ ሐይቅ አደረች። ላሟን ማን እንደሚያልባት ስታስብ ነበር ያደረችው።

እኔ ያቺን ደብተር ስመለከት ነበር። በዚያ ቢሮ ውስጥ ካየሁት ሶፍትዌር ሁሉ የተሻለችው እሷ ናት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፊደላችን ለአንድ ድምፅ ሁለትም ሦስትም መልክ አለው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ። «ሀ»ማ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እያለች ስድስት ናት። በግእዝ ልዩነቱ ቁም ነገር ነው፤ «ሠረቀ» ፀሐይ ስትወጣ ነው፣ «ሰረቀ» ሌባ ሲገባ። አማርኛችን ግን ድምፁን አንድ ስላደረገው ሁሉም እጁ እንዳመጣለት ይጽፋል። ለሰው ዓይን ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። ኮምፒዩተር ግን ዓይን የለውም፤ ያለው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ሠ 4640 ናት፣ ሰ ደግሞ 4656። ለማሽኑ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በ«ሰ» እና በ«በ» መካከል ካለው አያንስም። እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ሰዒድን በስድስት መንገድ ጽፈነዋል። (ሰይድ የሚባል ራሱን የቻለ ሌላ ስም እንዳለ አላጣሁትም፤ መዝገብ ላይ ግን ሁለቱ ከተቀላቀሉ ቆይተዋል።) ሐይቅም ራሷ እንደ ጸሐፊው እጅ ሐይቅ ናት፣ ሀይቅ ናት፣ ሃይቅ ናት፤ በስድስቱም «ሀ» መጻፍ ትችላለች። ስድስት ጊዜ ስድስት። «የሐይቁ ሰዒድ» የሚባል አንድ ሰው ሠላሳ ስድስት ሰው ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል ማለት ነው። የእሱም የአባቱም ስም «መሐመድ» ቢሆንማ ቁጥሩን እናንተው አባዙት።

መድኃኒቱ ምን ያህል ይከብዳል ብትሉኝ የምነግራችሁ አፍሬ ነው። ሃያ መስመር ኮድ አይሞላም። ሰውየው ስሙን በፈለገው ፊደል ይጻፍ፤ እንደጻፈው ይቀመጥለት፤ ሲፈለግ ጊዜ ብቻ ማሽኑ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ሐንና ኀን እንደ ሀ ቆጥሮ ያስተያይ። በቃ። ከምሳ በፊት ተጀምሮ ከምሳ በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው። ይህን ባነሣሁ ቁጥር «ፊደላችንን ልትቀንስብን ነው ወይ?» ብለው የሚቆጡኝ ወዳጆች አሉ። ኧረ ማንም አይቀንስም! ንጉሡም በሠው፣ እሳቱም በሳው ይቀመጥ። እኔ የምለው ፍለጋ ላይ ነው። ደግ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ድሮም «ሠ ይሁን ሰ?» ብሎ ሰው አይመልስም ነበር፤ ሁለቱንም መሳቢያ ከፍቶ ያይ ነበር።

ታዲያ ሃያ መስመር ለምን ጠፋ? ይህን የምመልሰው ከራሴ ጀምሬ ነው። እኛ ፕሮግራመሮች የሠራነውን የምንሞክረው በሁለት ስሞች ነው፤ አንደኛው «አበበ ከበደ»፣ ሁለተኛው «ቴስት ቴስት»። አበበ ከበደ ጨዋ ሰው ነው፤ በብዙ መንገድ አይጻፍም፤ በስንት ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ የሠራሁት ቅጽ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ነበረው። ለምን? የገለበጥነው የፈረንጅ ምሳሌ ላይ ስለነበረ። በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የራሴን ስም እንኳ ሳስገባ አያቴን ቤተሰብ አድርጌ ነበር። አባትና ልጅ ሲመዘገቡ የማይተዋወቁ የሁለት ቤት ሰዎች ሆኑ። ቅሬታ ሲመጣ የሰጠሁት መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ «ሕዝቡን ማሠልጠን ያስፈልጋል» ነበር ያልኩት። ሕዝቡን! በስሙ ላይ!

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ልብ ወለድ ሲታተም ቢያንስ አንድ ሐያሲ ይነሣና «ገጸ ባሕርይው አላሳመነኝም» ይላል። ቲያትር ሲከፈት ተመልካች ያፏጫል። ፊልም ሲወጣ ካፌ ውስጥ ይቦጨቃል። ሶፍትዌር ግን በአገራችን ይመረቃል እንጂ አይተችም። አዳራሽ ይከራያሉ፣ ሪባን ይቆርጣሉ፣ የውኃ ጠርሙሶች በረድፍ ይደረደራሉ፣ አንድ ወጣት በትልቅ ስክሪን ላይ «አበበ ከበደ»ን መዝግቦ ያሳያል፣ ይጨበጨባል። ማታ በዜና ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ያ ሥራ እንዴት ሆነ ብሎ የሚጽፍ የለም። ድርሰት ቢሆን ኖሮ አንባቢ ባይወደው መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ይኼ ግን አንባቢው ወደደም ጠላም የግድ የሚያነበው ድርሰት ነው። አክስቴ «አልወደድኩትም» ብላ የምትሄድበት ሌላ መስኮት የላትም።

ሐቁን ለመናገር የእኛ ፊደል ኮምፒዩተር ላይ እንዲወጣ የደከሙ ሰዎች ዕዳ አለብን። በሰማንያዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እነ ፍስሐ አጥላው፣ እነ ዶክተር አበራ ሞላ በየራሳቸው መንገድ ፊደሉን ማሽን ላይ ሊያስገቡ ይታገሉ ነበር፤ ዶክተር አበራ እንዲያውም በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እነ ዳንኤል ያዕቆብም ብዙ ለፍተውበታል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ የአማርኛ ፊደላት በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የተሳፈሩ ስለነበሩ፣ ደሴ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል ያልተጫነበት የኮምቦልቻ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የጥንቆላ ጽሑፍ ይመስል ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 «ኒያላ» የተባለውን ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ አወጣ። ይኸ ሁሉ የተራራ ሥራ ነበር፤ ተሠርቶ አለቀ። እኛ አሁን የቀረን ሜዳው ነው። ሜዳ ላይ ነው የወደቅነው።

የዘመን አቆጣጠሩም ያው ነው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ቅጽ ሲሞላ ወሩን ያጣዋል፤ ዝርዝሩ ከአሥራ ሁለት አያልፍማ። ቀጠሮ በስልክ መልእክት ሲላክ «9:00» ይላል፤ ፕሮግራመሩ የጠዋቱን ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው፣ የአምባሰሏ እናት ግን ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ከች ትላለች፣ ቀጠሮው አልፏል። ማነው የተሳሳተው? «ውስብስብ ስለሆነ ነው» የሚሉኝ የሙያ ባልደረቦች አሉ። የእኛን አቆጣጠር የሚያሰላ ነፃ ኮድ ዓለም ላይ ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ማንም ያወርደዋል። ጤና ሚኒስቴራችን የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 የተባለው ሥርዓት ከኖርዌይ የመጣ ሆኖ ሳለ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ኖርዌዮቹ ጳጉሜን ካወቁ እኛ ምን ይዞን ነው?

ያን ዕለት ማታ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን ነበር። ባሻገር እስጢፋኖስ ገዳም ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ትምህርት ቤት ያቆሙበት፣ መጻሕፍት የተገለበጡበት ገዳም። እዚያም ሆነ በሌላው ገዳም የኖረው የቁም ጸሐፊ ልማድ ትዝ አለኝ። ብራናው ተጽፎ ሲያልቅ አላለቀም፤ ይነበባል፣ ይታረማል። የተሳሳተው በቢላ ይፋቃል፣ የተዘለለው ቃል በመስመሮቹ መሐል ገብቶ ይጻፋል። በአሮጌ ብራናዎች ላይ የእርማቱ ምልክት ዛሬም ይታያል፤ ማንም አላፈረበትም። እኛ ግን የሠራነው ላይ የእርማት ምልክት እንዳይታይ የምንጨነቀውን ያህል፣ ስህተት እንዳይኖርበት አንጨነቅም።

በማግስቱ ወረቀቱ ተፈርሞ አክስቴን ልሸኛት አብሬያት ሄድኩ። ውጫሌ ስንደርስ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ሻይ ጠጣን። አክስቴ ስልኳን አውጥታ «እስቲ ይኸን እይልኝ፣ የእህቴ ልጅ፤ ብር ያበድራል ብለው ጫኑልኝ» አለችኝ። አፑን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ነው። ጣቴ እስኪደክም ወደ ላይ ገፋሁት፤ አያልቅም። መጨረሻው ላይ አንድ ሰማያዊ ቁልፍ፤ «እስማማለሁ» ነው ትርጉሙ።

«ተጭነሽዋል?» አልኳት።

«የጫነልኝ ልጅ ተጫኚው አለኝ፣ ተጫንኩት።»

እንግዲህ ይህን የምትለኝ የት ቁጭ ብላ መሰላችሁ? ውጫሌ! ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል የተዋዋሉባት፣ ይስማ ንጉሥ ያለባት አገር። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መላላክ ይችላሉ ይላል፤ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። የ«ይችላሉ» እና የ«ግዴታ» ልዩነት የት እንዳደረሰን ታውቃላችሁ፤ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጉዳዩ ተዘጋ። እኔ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። ምኒልክ ቢያንስ ማንበብ የሚችሉት የአማርኛ ቅጂ ነበራቸው። ተታልለውም ከሆነ «የእኔው እንዲህ አይልም» ብለው የሚያሳዩት ወረቀት በእጃቸው ነበር። አክስቴ ምን አላት? አንድ ቋንቋ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የእሷ አይደለም። ስልኳ ውስጥ ያለውን የሰው ስም ዝርዝር ሁሉ አፑ እንዲያይ ፈቅዳለች። ብሩን ብትዘገይ ለማን ለማን እንደሚደወል አላህ ይወቅ። አፑን ሰረዝኩት። «ብሩስ?» አለችኝ ቅር ብሏት። ልክ ናት፤ ብሩ ያስፈልጋት ነበር።

ቴክኖሎጂ ጠላ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። አምባሰል ውስጥ ከሁሉ የማደንቀውን ልንገራችሁ፤ ኮከብና መሰላል ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ሁሉም ያወራው ስለ አፑ ነበር። አክስቴ ግን የምትሠራው በኮከብ 127 መሰላል ነው። ቀለም የለው፣ ሥዕል የለው፣ ቁጥር ተጭነህ ቁጥር ይመልስልሃል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ባትሪ አይበላም፤ ተራው የስልክ ኔትወርክ ባለበት ሁሉ በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ አዲስ አበባ ላይ በዋይፋይ ተሠርተው በዋይፋይ የተሞከሩት ቆንጆ ቆንጆ አፖች ሁሉ የስልክ ጌጥ ሆነው ሰነበቱ። ያን ጊዜ ስንቶቻችን «ኢንተርኔት ባይኖርስ?» ብለን ሥራችንን እንደገና አየን? በጣት የምንቆጠር ነን።

ስልኮቹንም ቢሆን እናመስግን ካልን ቴክኖን ላመሰግን። ብዙ ሰው «የድሃ ስልክ» እያለ ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም። ከአሥር ዓመት በላይ እዚሁ አገር ውስጥ ሲገጣጠም የኖረ ስልክ ነው። ሁለት ሲም ያዘ፣ መብራት በሌለበት የሚቆይ ባትሪ አደረገ፣ ካሜራውን ለጥቁር ፊት አስተካከለ፣ አማርኛ መጻፊያ ጨመረ። ቻይናዎቹ መጥተው ሰዉን አይተውታል ማለት ነው። በአጭር መልእክት ላይ ግን ማንም ያልነገረን አንድ ግፍ አለ። በላቲን ፊደል ስትጽፍ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ስትጽፍ 70 ብቻ። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው፤ ፊደላችን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ውጤቱ ግን ኪስ ነው፤ አንድ የአማርኛ ሰላምታ የሁለት መልእክት ዋጋ ያስከፍላል። ወጣቱ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው ፊደሉን ንቆ ነው ብለው የሚወቅሱ ሰዎች እስቲ መጀመሪያ ሒሳቡን ይመልከቱ።

ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው ካለው በላይ ገንዘብ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ የተነካው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ የሳይበር ጥቃትም አለመሆኑን ገለጸ፤ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ተለጠፈ። እኛም በየካፌው ስናወራ የከረምነው ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ነው፤ ሃይማኖት ጠፋ፣ አስተዳደግ ጠፋ እያልን። መስረቅ መስረቅ ነው፣ አልከራከርም። ግን በባንክ ሲስተም ላይ ለውጥ ሲደረግ ማን ሞከረው? በምን ሞከረው? በአበበ ከበደ ይሆን? ይህን የሚጠይቅ ክርክር ግን አልሰማሁም። የሌባውን ፎቶ አየን፤ በሩ እንዴት ተከፍቶ እንዳደረ ግን እንደ ዜና እንኳ አላጓጓንም።

አሁን ደግሞ ሽቅብ እየተንጠራራን ነው። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ከአንድ የውጭ ኩባንያ ጋር ሆኖ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በብሎክቼይን ሊይዝ መሆኑ ሲነገር አጨበጨብን። ብሎክቼይን ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ አንዴ የተጻፈ የማይፋቅበት መዝገብ ነው። የማይፋቅ! እኔ ያን ቀን ያሰብኩት ያንን የሐይቅ ልጅ ነው፤ ስሙ በተሳሳተ ፊደል ለዘለዓለም የሚጻፍለትን። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ «5 ሚሊዮን ኮደርስ» ተጀመረ። ደስ ይላል፤ ወጣቱ ይማር። ግን ኮርሱን እየከፈታችሁ እዩት፤ ኮድ መጻፍ ያስተምራል፣ ሠና ሰ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ግን ከየት ያምጣው? ያ የእኛ የቤት ሥራ ነው። አምስት ሚሊዮን ሰው አበበ ከበደን መመዝገብ ቢማር አክስቴን ማን ያገኛታል?

«ዳታው ቆሻሻ ነው» ይላሉ የሙያ ጓደኞቼ፤ ጥፋቱን መዝጋቢዋ ላይ ያላክካሉ። ልጅቷን ጠይቄያት ነበር። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. በዚያ ካለፈ በኋላ ኮምፒዩተሩም ፋይሉም ስላልነበረ፣ ከተገኘው ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ እንደ አዲስ የመዘገቡት በክረምት የተቀጠሩ ተማሪዎች ናቸው አለችኝ። አንዱ ከሰቆጣ፣ አንዷ ከከሚሴ፣ አንዱ እዚያው ከሐይቅ፤ እያንዳንዱ የአስተማሪውን ፊደል ይዞ መጣ። «ሰው ሲመጣ በመጀመሪያ የማስበው የትኛው ልጅ መዝግቦት ይሆን ብዬ ነው» አለችኝ። «የሰቆጣው ልጅ ዓይኑን ዐ ይወዳል፤ እሱ የመዘገበውን ቶሎ ነው የማገኘው።»

ደብተሩን ፎቶ ላንሣው ወይ አልኳት። ትንሽ አመነታችና «ለሲስተሙ ሰዎች ታሳይልኛለህ?» አለችኝ። አሳያለሁ አልኩ። ሃያ ሁለት ገጽ ነው። ተቋሙ ሲስተሙን ለገዛው ድርጅት ላክሁላቸው፤ ከሃያ መስመሯ ኮድ ጋር፣ በነፃ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ መልስ መጣልኝ፤ አስተያየቴን እንዳደነቁ፣ በሚቀጥለው የሥልጠና መርሐ ግብር ላይ ለመዝጋቢዎች ስለ ፊደል አጠቃቀም ገለጻ እንደሚደረግ ይናገራል። ስሜ በተሳሳተ ፊደል ነበር የተጻፈው።

ልጅቷ ዘንድ በቅርቡ ደውዬ ነበር። ደብተሩ አልቆ ሁለተኛውን ገዝታለች።